ባለ አንድ ቀዳዳ ወንፊት

ካርቱም ውስጥ ዴም በሚባለው ሰፈር የቡና መውቀጫ ሁለት ስም አለው። ከጀበናው ኋላ የተቀመጠችው ሐበሻ ሙቀጫ ትለዋለች፤ ስኒው እስኪደርሰው የሚጠብቀው ሱዳናዊ ደንበኛ ደግሞ ፉንዱክ ይለዋል። ሁለቱም በልጅነታቸው ከእናታቸው ጓዳ የሰሙት ድምፅ ነውና በስሙ የሚከራከር የለም። የእንጨት ዕቃው ዝምድና በዚህም አያበቃም። በሐበሻዋ አገር ሊጥ የሚቦካበት ቡሓቃና ለሁሉም ነገር የሚያገለግለው ገበቴ አለ፤ በሱዳናዊው ቤት አሲዳ የሚቀርብበት ትልቅ የእንጨት ሳህን አለ፣ ገደህ ይሉታል። አሲዳን የእኛ ሰው በገንፎ ዓይን ቢያየው ብዙም አይሳሳትም።

እነዚህ ሁሉ የመጥረቢያ ልጆች ናቸው። በእጅ ተጠርበው፣ በእጅ ተፈልፍለው የወጡ ስለሆነ ጣት ሲዳስሳቸው የብረቱ ምት ይሰማል። በሱዳናዊው ቤት ግን የሌላ ወገን ዕቃም ይገኛል። ሙሽራ ድልካ የሚባለውን የገላ ማሻ ቅባቷንና ሽቶዋን የምታኖርበት ክዳን ያለው የእንጨት ዕቃ፣ ሁግ የሚሉት፣ ዙሪያውን በቀለበት በቀለበት የተቀረጸና ፍጹም ክብ ነው። አንገሬብ የሚባለው በገመድ የተጠላለፈ አልጋም እግሮቹ እንዲሁ ድቡልቡል ሆነው የወጡ ናቸው። እንዲህ ያለ ክብነት በመጥረቢያ አይገኝም። እንጨቱ ሲሽከረከር፣ ስለቱ ደግሞ ባለበት ጸንቶ ሲቆም ብቻ የሚመጣ ነው።

በአማርኛ ይህን የሚሠራው ማሽን ቶርኖ ነው። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ብቻውንም አልገባም፤ ሞርሳ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ሰጋቱራ አብረውት ገብተዋል። የጣሊያን ጦር ከወጣ ሰማንያ ዓመት አለፈው፣ ጋራዡና አናጺ ቤቱ ግን ዛሬም በቃሉ ይናገራል። አዲስ አበባ ውስጥ ቶርኖ ቤት ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው ብረት ነው፤ የእንጨቱ ቶርኖ የአልጋ እግርና የደረጃ ድጋፍ ሲያወጣ እንጂ ሳህን ሲያወጣ ብዙ አይታይም። ዴም የሚኖር ሐበሻ ቤቱ ቶርኖ ያለውን ከበር ሲወጣ በዐረብኛ መኽረጣ ይለዋል፣ ባለሙያውንም ኸራጥ።

ዴም ከካርቱም መሀል በስተደቡብ ያለ የሠራተኛ ሰፈር ነው። ቀድሞ ከከተማው ዳር ተኮልኩለው የነበሩት የሠራተኛ መንደሮች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መገባደጃና በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ በእንግሊዝ አገዛዝ መጨረሻ ላይ፣ ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ አሁኑ ቦታ ተዛወሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሠርት ዓመታት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን እየበዙበት ሄዱ፤ እንጀራ ቤቱ፣ ቡናው፣ ዘፈኑ ሰፈሩን ሐበሻ ሐበሻ አሰኘው። በእንጨት ሥራ እጁን መሞከር ለሚፈልግ ሰው ግን የዴም ዋናው በረከት ጎረቤቱ ነበር። ከጎኑ ያለው ሰጃና የግንባታ ዕቃ ገበያ ነበር፤ ጣውላው፣ ሚስማሩ፣ ኮላው፣ ብረታ ብረቱ እዚያ ይገኝ ነበር።

የሙያው ዕድሜ ከናይል ጋር የተያያዘ ነው። እስካሁን ከሚታወቁት የቶርኖ ሥዕሎች ሁሉ ጥንታዊው የሚገኘው ግብፅ ውስጥ፣ ቱና ኤል ገበል በሚገኘው የፔቶሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ የተቀረጸ ነው። በሥዕሉ ላይ ሁለት ሰዎች ይታያሉ፤ አንዱ በእንጨቱ ላይ የተጠመጠመውን ገመድ ወዲያና ወዲህ ይስባል፣ ሌላው መሮውን ይዟል። ኋላ ገመዱ በደጋን ላይ ታሰረና የሁለት ሰው ሥራ የአንድ ሰው ሆነ። የካይሮ ኸራጥ መሬት ላይ ተቀምጦ በአንድ እጁ ደጋኑን እየነዳ፣ በሌላው እጁ መሮውን ይዞ፣ በእግሩ ጣቶች ደግሞ የመሮውን ጫፍ እየደገፈ ያን ሁሉ የመስኮት ፍርግርግ አውጥቷል። እንዲህ ያለው ቶርኖ የሚቆርጠው እንጨቱ ወደ ሠራተኛው ሲዞር ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ ሲመለስ መሮው ጥቂት ፈቀቅ ይላል። በአውሮፓም ደጋኑ በእግር በሚረገጥ ጣውላና ከላይ በሚለመጥ ረጅም ዘንግ ተተክቶ ለዘመናት ሳህን ሲያወጣ ኖሯል። እንግሊዝ ውስጥ ጆርጅ ሌይሊ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1958 እስኪሞት ድረስ በዚህ ዓይነት ቶርኖ፣ ያለ ኤሌክትሪክ፣ ከአንድ ጉማጅ እንጨት አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገቡ ሳህኖችን እያወጣ ይሸጥ ነበር።

ኢትዮጵያ የሄደችው በሌላ መንገድ ነው። የጅማ ባለሦስት እግር በርጩማ መቀመጫውም እግሮቹም ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉ ናቸው፤ ማጣበቂያም ሚስማርም አያውቅም። ገበቴውና ቡሓቃው ቀላልና ለመሮ ገር ከሆነው ዋንዛ፣ ሙቀጫው ምት ከሚችል ከወይራ ቢወጣ ይመረጣል። ሙያው እንዲህ የረቀቀ ሆኖ ሳለ ባለሙያው ግን በብዙ አካባቢ የተናቀ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ንቀቱ በአዋጅ ብቻ የሚነቀል አልነበረም። ዛሬ ከተማ ውስጥ ያደገ ወጣት ገበቴ እንዴት እንደሚወጣ ከአያቱ ሳይሆን ከስልኩ የሚማርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስላል።

ስልኩ የሚያሳየው ማሽን ትንሽ ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ 40 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ሞተሩ ከአንድ የፈረስ ጉልበት በታች የሆነ፣ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን እንጨት የሚያሽከረክር። ለመጀመሪያ ገበቴ ይበቃል፤ እንዲያውም ይተርፋል። ጀማሪ አስቀድሞ መረዳት ያለበት ነገር ፍጥነቱን ነው። 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ እንጨት በደቂቃ 1000 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ ጥሩ መንገድ ያገኘ ባጃጅ ማለት ነው። ያው እንጨት በ4000 ዙር ቢነዳ ጠርዙ 150 ኪሎ ሜትር ይገባል፤ ከዚያ ላይ የሚገነጠል ጉማጅ ፊት ለፊቱ ማን እንዳለ አይጠይቅም። ስለዚህ ያልተስተካከለው እንጨት መጀመሪያ በ500 ዙር አካባቢ ይነሣል፤ ክብ ሆኖ መንቀጥቀጡ ሲቆም ወደ 1000 ከፍ ይላል። ማብሪያው ሲጫን ሰውየው ከእንጨቱ ትይዩ ሳይሆን ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ይቆማል። ፊትን በሙሉ የሚሸፍን መከለያ የግድ ነው። ጓንት ግን ክልክል ነው፤ ማሽኑ ጓንቱን ሲይዝ ጣቱን አብሮ ይዞ ይሄዳል። ነጠላ፣ የሱዳን ቶብ፣ ሰፊ የጀላቢያ እጅጌ፣ የተለቀቀ ፀጉር፣ የአንገት ክር ሁሉ ከቶርኖ ይርቃሉ።

እንጨቱስ ከየት? ካርቱም በረሃ ዳር ብትሆንም ዛፍ አላት። መንገዶቿ ዳር ኒም ሞልቷል፤ በናይል ዳር ባለው ጎዳና ላይ በእንግሊዝ ዘመን የተተከሉ ትላልቅ ማሆጋኒዎች አሉ። ኒምና ማሆጋኒ በዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ሁለቱም ለመሮ ይመቻሉ። ነጭና ሰማያዊ ናይል ከሚገናኙበት አጠገብ ያለው የሱነት ደን ደግሞ ሱነት በሚባለው የግራር ዓይነት ይታወቅ ነበር። ሱነት ከባድና ብርቱ ነው፤ የኦምዱርማን ጀልባ ሠሪዎች ኑገር የሚባለውን የጭነት ጀልባ ያበጁበት እንጨት ነው። እርጥብ ሳለ ይቆረጣል፤ ከደረቀ በኋላ ግን የጀማሪን መሮ ያደንዛል። ዛሬ ስለ ሱነት ደን የሚነገረው በኀላፊ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም በፈነዳው ጦርነት ዓመታት ደኑ በእጅጉ ተጨፍጭፏል። ከዴምም ብዙ ሐበሻ ወጥቷል፤ ገሚሱ በገላባት አድርጎ መተማ ገብቷል። ጀበና በጨርቅ ተጠቅልሎ ይወጣል፤ ቶርኖ ግን በስደት መንገድ ላይ የሚሸከሙት ዕቃ አይደለም።

ከመንገድ ዳር የተቆረጠ የኒም ጉማጅ ያገኘ ሰው የመጀመሪያ ስሕተቱ ድቡልቡሉን እንዳለ ማሽኑ ላይ መስቀል ነው። ግንዱ መሀል ያለችው ትንሽ ነጥብ፣ እምብርቱ፣ የስንጥቅ ሁሉ መነሻ ናት። ስለዚህ ጉማጁ በእምብርቱ ላይ ለሁለት ይሰነጠቅና እምብርቱ ተጠርቦ ይወጣል። ከአንዱ ግማሽ በመጋዝ ክብ ይወጣል፤ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት። እርጥብ ሳለ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሲጠናቀቅ የሚቀረው ገበቴ ግማሽ ኪሎ አይሞላም፤ የቀረው ወለሉ ላይ ፍቅፋቂ ሆኖ ይከመራል። ሰጋቱራ ምድጃ ያለው ጎረቤት ካለ ፍቅፋቂው ራሱ ወዳጅ ያፈራል።

እንጨቱ በወደፊት አፉ በኩል በአራት ቪቴ ከማሽኑ የብረት ሳህን ጋር ይታሰራል፤ ቪቴዎቹ የሚገቡት ኋላ በሚፈለፈለው ክፍል ስለሆነ ቀዳዳቸው አብሮ ይጠፋል። መጀመሪያ የሚቆረጠው ውጪው ነው። መሮው እንደ ተራ አናጺ መሮ ጠፍጣፋ አይደለም፤ እንደ ቦይ የጎደጎደ፣ እጀታው ረጅም ነው። አያያዙ ሁሉ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው። ከስለቱ ጀርባ ያለው የተሞረደ ገጽ በሚዞረው እንጨት ላይ መጀመሪያ ያርፋል፣ ሳይቆርጥ ይንሸራተታል፣ ትክ ትክ ይላል። ከዚያ የእጀታው ጫፍ በጥቂቱ ከፍ ይደረጋል። ስለቱ ወደ እንጨቱ ይዘነበላል፣ ድምፁም ይለወጣል። ከትክትክታው ወደ ሹክሹክታ ሲዞር ከቦዩ ውስጥ ረጅም፣ እርጥብ፣ እንደ ሪባን የተጠቀለለ ልጣጭ ይወጣና ክንድ ላይ ያርፋል። የኒም መራራ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። እርጥብ እንጨት ከሆነ ውኃው ፊት መከለያው ላይ ሳይቀር ይረጫል፤ ጀማሪው እንጨት ውስጥ ይህን ያህል ውኃ አለ ብሎ አያውቅም ነበር።

ጀርባው ሳያርፍ ስለቱ ቀድሞ ከነካስ? ያን ጊዜ እንጨቱ ይነክሳል። መሮው ከእጅ ይጠመዘዛል፣ አንድ ኃይለኛ ድምፅ ይሰማል፣ ሊስተካከል የቀረበው ጠርዝ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ይቀራል። ይህን ያልቀመሰ ኸራጥ የለም። የሚነክስበትም ምክንያት አለው። በገበቴ ላይ የእንጨቱ ጅማት ማሽኑን አግድም ያቋርጣል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ዙር ስለቱ ሁለት ጊዜ ከጅማቱ ጎን ጋር፣ ሁለት ጊዜ ከጅማቱ ጫፍ ጋር ይገናኛል። በደቂቃ 1000 ዙር ከሆነ 2000 ጊዜ ለስላሳ፣ 2000 ጊዜ አስቸጋሪ። ጫፉን ሳይነቅሉ ለመቁረጥ ውጪው ከእግር ወደ አፍ፣ ውስጡ ከአፍ ወደ መሀል ይሄዳል። ደንቡ በቃል ቀላል ነው፤ እጅ ግን እስኪለምደው ብዙ እንጨት ይበላል። መሮው በየጥቂት ደቂቃው ድንጋይ ይፈልጋል፤ ለመሳል ሰነፍ የሆነ ሰው ኋላ በብርጭቆ ወረቀት ሰዓታት ሲፈትግ ይውላል።

ውጪው ሲያምር እንጨቱ ይገለበጣል። ባለ አራት መንጋጋ ቻክ ያለው ሰው እግሩን ያስነክሰዋል፤ የሌለው የብረት ሳህኑን በአጫጭር ቪቴ ወደ እግሩ ያዞረዋል። አሁን ውስጡን መፈልፈል ነው፤ ጀማሪዎች በብዛት የሚሰናከሉትም እዚህ ነው። ወደ ውስጥ የሚያይ ዓይን ጥልቀትን አይለካም። ጎኑ የቀጠነው ሲታወቅ፣ መሮው ሲነካው ከወፍራም ድምፅ ወደ ቀጭን ጩኸት ሲዞር፣ ሰውየው ደስ ይለውና ታችም እንዲሁ ይቅጠን ይላል። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ይጨምራል። በሦስተኛው መሀሉ ላይ ትንሽ ክብ ብርሃን ይታያል። ገበቴው ባለ አንድ ቀዳዳ ወንፊት ሆነ። መድኃኒቱ ያሳፍራል፣ ያን ያህል ቀላል ነው፤ ቀጥ ያለ ዱላ አፉ ላይ አጋድሞ በማስመሪያ ጥልቀቱን መለካት። አስቀድሞም የሚፈለገውን ጥልቀት መሀሉ ላይ በትራፓኖ መብሳትና ቀዳዳው ሲጠፋ ማቆም።

የተረፈው ገበቴ ከካርቱም አየር ጋር ይገናኛል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ በዕድሜ ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚሸበሸበው ከእምብርት ወደ ቅርፊት ካለው አቅጣጫ እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ክብ ሆኖ የገባው ሞላላ ሆኖ ይወጣል። ይህ በየትም አገር ያለ ነው። ካርቱም ግን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ዝናብ አታውቅም ማለት ይቻላል፤ አየሩ ከእንጨቱ ፊት ላይ ውኃውን በሰዓታት ይመጠዋል፣ ውስጡ ገና እርጥብ ነው፣ ፊቱ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ማታ ጠረጴዛ ላይ የተተወ ገበቴ ጠዋት ከአፍ እስከ እግር ተተርትሮ ሊገኝ ይችላል። አዲስ አበባ የተማረውን ይዞ ካርቱም የሄደ አናጺ መጀመሪያ የሚረሳው ነገር የጅማቱን አቅጣጫ ሳይሆን ይህን አየር ነው።

ስለዚህ ገበቴ ሁለት ጊዜ ይወጣል። መጀመሪያ በወፍራሙ፣ ከስፋቱ አንድ አሥረኛ ያህል ግድግዳ ተትቶለት፤ ለ20 ሳንቲ ሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር። የጅማቱ ጫፍ በሚታይበት በኩል የቀለጠ ሰም ይቀባል፣ ከራሱ ፍቅፋቂ ጋር በወረቀት ከረጢት ይታሰራል፣ ነፋስ በማይገባበት ጥግ ለወራት ይቀመጣል። አንዳንዱ ከረጢቱን በየሳምንቱ ይመዝናል፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሞላላ ሆኖ ይወጣል፤ ወፍራሙ ግድግዳ ግን እንደገና ክብ ለማድረግ የሚበቃ ሥጋ አለው። ቻክ ለሌለው ሰው ሁለተኛው ዙር ቆንጆ መላ አለው። የደረቀው እግር በኮላ ከትርፍ ጣውላ ጋር ይጣበቃል፣ መሀላቸው ግን አንድ ገጽ ጋዜጣ ይገባል። ጋዜጣው ቶርኖውን ሁሉ ይችላል፤ ሲያበቃ ጠፍጣፋ መሮ በመጋጠሚያው ላይ ተደርጎ አንድ ጊዜ መታ ሲደረግ ወረቀቱ ለሁለት ይላቀቅና ገበቴው ነጻ ይወጣል። ለጋዜጣ ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ ጽኑ አንባቢ አይገኝም።

ብርጭቆ ወረቀቱ ከሻካራው ወደ ለስላሳው በተራ ይሄዳል፤ 80፣ 120፣ 180፣ 240። የአፍንጫ ጭምብል እዚህ ላይ ይፈለጋል፣ ብናኙ ከፍቅፋቂው ይልቅ ክፉ ነው። ቀጥሎ ዘይት። የሱዳን ገበያ በሰሊጥና በኦቾሎኒ ዘይት የተሞላ ነው፤ የኦቾሎኒ ዘይት ግን እንጨት ላይ ደርቆ አይጠነክርም፣ ሰሊጡም ብዙ አይሻለውም፣ ውሎ አድሮ ይሸታል። የሚጠነክረው የተልባ ዘይት ነው፤ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ቀስ በቀስ ልባስ ይሆናል። ኑግ በመሀል ነው። በስሱ ተቀብቶ፣ ትርፉ ተጠርጎ፣ በቀናት ልዩነት ሦስት ጊዜ ቢደገም ይበቃል። ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨብጦ አይጣልም፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራልና ክምሩ በራሱ ሊነድ ይችላል። ተዘርግቶ ይሰጣል።

የጀማሪ ትዕግሥት ግን ወራት አይዘልቅም። ከረጢቱ በሦስተኛው ሳምንት ይከፈታል፣ ግድግዳው ይቀጥናል፣ ዘይቱ ይቀባል፣ ገበቴው ከረከቦቱ አጠገብ ይቀመጥና ፈንዲሻ ይሞላበታል። ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ አፉ ሞላላ መሆን ጀምሯል፣ እግሩም ጠረጴዛው ላይ አልረጋ ብሎ ይወዛወዛል። እንግዳው አንሥቶ ሲገለብጠው እግሩ ላይ የጋዜጣው ፊደላት፣ ግማሹ ተፍቆ ግማሹ ቀርቶ፣ ገና ይነበባሉ።